ጉናን የሚያሻግር ሙቀት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

የመኪናው ማሞቂያ ማዞሪያው ይዞራል፣ ግን አይሞቅም። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ እጄን ቀዳዳው ላይ ያዝኩ፤ ምንም የለም። ባለቤቱና ሾፌሩ አያ ፈንቴ መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ማሞቂያውን ነክቶት አያውቅም። «በፎገራ ሙቀት ማሞቂያ የሚከፍት ሰው ጠበል ያስፈልገዋል» አለኝ።

አሮጌ የጣሊያን ጭነት መኪና ነው። ዓርብ ሩዝ ጭኖ ከወረታ ነፋስ መውጫ ይሄዳል። አባቴን ጋቢና አስቀምጦ ሊወስድልኝ ተስማምቷል። አባቴ ቁሐር ሚካኤልን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ መሪጌታ ናቸው። ታናሽ እህታቸው ነፋስ መውጫ አልጋ ይዛለች፤ አንድ ጊዜ ዓይኗን ልይ ይላሉ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደረታቸውን አዳምጦ ለብቻዬ ጠራኝ። «የጉና ተራራን ብርድ አይችሉትም። ሙቅ መኪና ካላገኘህ አትሞክረው።» የአውቶቡሱ መስኮት አይዘጋም። እኔም ከምሠራበት ጋዜጣ ያገኘሁት ፈቃድ ሊያልቅ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ከመሪው ሥር ያለውን ቆርቆሮ ፈታን። ያገኘነው፦

— ከማዞሪያው ወደ ሙቅ ውሃ መክፈቻው የሚሄደው ሽቦ ዝጎ ተበጥሷል።
— መክፈቻው ራሱ እንደተዘጋ ደርቋል።
— የማራገቢያው ፊውዝ የለም። አያ ፈንቴ ለፊት መብራቱ ወስዶታል፤ መቼ እንደሆነ አያስታውስም።

መክፈቻውን ናፍጣ ስናጠጣው ዋልን፤ ለማራገቢያውም ሌላ ፊውዝ ገጠምንለት። ለሽቦው ምትክ ጎረቤታችን የሆነውን አስተማሪ የብስክሌቱን የፍሬን ገመድ ለመንኩት። «እኔስ በምን ልቁም?» አለ። «በእግርህ። ተማሪዎችህ ደስ ይላቸዋል» አለው አያ ፈንቴ። ሰጠን።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሙቅ ውሃው በቱቦው መጣ። አየሩ ግን እምቢ አለ። ማራገቢያው ይጮኻል፣ የሚነፍስ ነገር የለም።

አባቴ በራፉ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«መኪናው አልዳነም?»

«እየዳነ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያ ቀደመኝ» አሉና ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

ተገኘ። እጄን አየር ማስገቢያው ውስጥ እስከ ክርኔ ሰድጄ ጆንያ ነካሁ። ሳብኩት። እርጥብ፣ የሸተተ፣ የሩዝ ገለባ የተጣበቀበት፤ ሁለት ክንድ ይሆናል። ክረምት የርብ ወንዝ መንገዱን ሲያጥለቀልቀው ውሃው በዚህ በኩል ጋቢና ይገባል። ስለዚህ አያ ፈንቴ ራሱ ወትፎታል። የዚህ ሜዳ ሾፌሮች ሁሉ ይወትፋሉ፤ ውሃው ሲጎድል ማውጣቱን የሚያስታውስ የለም። «ሁለት ቀን ሙሉ የገዛ እጄን ሥራ ስፈልግ ከረምኩ» አለ።

ሞተሩን አስነሳው። ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ተቃቀፍን።

ከሰዓት በኋላ ከነፋስ መውጫ የመጣ ነጋዴ የአባቴን ቤት እየጠየቀ እኛ ዘንድ ደረሰ። አክስቴ ሰኞ አርፋ ማክሰኞ ተቀብራለች።

መርዶ በምሽት፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፤ ያውም ለታመመ። አያ ፈንቴ «ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ፊትህን ጠብቅ» አለኝ። ራት ላይ አባቴ በስንት ሰዓት እንደምንነሣ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በጋዜጣ ቤት የማውቀውን ሳልናገር መዋል ለምጃለሁ። ይህ ግን ሌላ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

አራት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ መጡ። አባቴ ገና ሲያዩአቸው «ማንን ነው?» አሉ። ነገሯቸው። አለቀሱ። ሲስሉ ደግፌ ያዝኳቸው።

አያ ፈንቴ ሩዙን ብቻ ይዞ ሊሄድ ተነሣ። አባቴ ቀና አሉ።

«ፈንቴ፣ ሩዙ ለቅሶ ይደርሳል፣ እኔ እዚህ ልቀመጥ?»

መከራከር አልቻልንም።

ደብረ ታቦር ኬላ ላይ ጥበቃው የይለፍ ወረቀታችንን ጮክ ብሎ አነበበ። «ዘመድ ጥየቃ ነው?» አዎ አልኩት።

ጉና በጉም ተሸፍኖ ነበር። ጋቢናው ግን ሞቀ። አያ ፈንቴ ላቡን እየጠረገ ነዳ። ጉናን እስክንሻገር አባቴ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳሉም።

ከአክስቴ ቤት ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀር «አቁም» አሉ። ለቅሶ በመኪና ተቀምጦ አይደረስም። ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ትተው፣ ነጠላ ብቻ ለብሰው ወረዱ። ነፋሱ ነጠላውን ያራግበዋል። «እህቴን፣ እህቴን» እያሉ በእግራቸው ሄዱ። ጋቢውን ይዤ ተከተልኩ። ሦስት ጊዜ ላለብሳቸው ሞከርኩ፤ ሦስት ጊዜ በክንዳቸው ገፉኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ትኩሳት አላቸው። ሳሉ ተመልሷል። የአክስቴ ቤት ቀዝቃዛ ነው፤ ለቀስተኛው ስለሚገባ በሩ አይዘጋም። ጠዋት በሰው ትከሻ ተደግፈው መቃብሩ ዘንድ ደርሰው መጡ። እንደ መቆጣት ብዬ ትናንት ቢለብሱ ምን ነበረ አልኳቸው። «ተሸፋፍኜ ላልቅስላት?» አሉኝ።

ሲነጋ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ልናደርሳቸው ተስማማን። ናፍጣ በራሽን ነው። አያ ፈንቴ ግን ሌሊቱን ቢብስባቸው ቀዝቃዛ ጋቢና ውስጥ አላስገባቸውም ብሎ በየሰዓቱ እየወጣ ሞተሩን ያስነሳል። አሁንም አስነስቶታል። ይሰማኛል።