ፈረንጅ ይየኝ ያሉት እናት

መርሳ፣ መስከረም 2015 ዓ.ም.

ይድረስ አብራኝ ላደገችው እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ያ ጉንፋንሽስ ለቀቀሽ? እኔ ላለመሞት ያህል አለሁ ልልሽ ነበር፤ ግን ታዝኛለሽ፤ ስለዚህ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ክረምቱ ወጥቷል፣ ማሽላው ሊያሽት ነው። መንገዱ ግን በወታደር መኪናና በተፈናቃይ ተጨናንቋል። ከወልድያ ማዶ ከባድ መሣሪያ የሰማን እየመሰለን ቀኑን ሙሉ ጆሯችን ቆሞ ይውላል። ነጎድጓድ ሲሆን እንኳ እናት ልጇን ታነሣለች። ይህችን ታህል ስጽፍልሽ እኔም ተነሥቼ በር ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ።

ይህን ጉዳይ በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማልችል ነው። ገና ሃሎ ስል ምን ሆነሻል ትይኛለሽ፤ ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም ማለት ነው። ወረቀት ይሻለኛል ብዬ ለደምሴ ሰጠሁት፤ ያ አይሱዙ የሚነዳው የሰፈራችን ልጅ ነው፣ በእጅሽ ያደርስልሻል።

ከመሥሪያ ቤታችሁ የላክሽልኝ መልእክት ደርሶኛል። ለአረጋውያኑ ዱቄት ገንዘብ እንዲለቀቅ የአንድ ተረጂ ታሪክ ከነፎቶው፣ ፊቱ ጥርት ብሎ የሚታይበት፣ ቶሎ ላኪ ብለሽኛል። አልተቀየምኩሽም። ከዚህ ሳትሄጂ በፊት ራስሽ አይደለሽም ያስተማርሽን? ሰው ለቁጥር አያዝንም፣ ለፊት ነው የሚያዝነው ስትይን በቃላችን ያዝነው። ያኔ ጦርነቱ አልመጣም ነበር። ፊት ሲባል የሌላ አገር ሰው ፊት ይመስለን ነበር።

መጋዘኑ አልቆለታል። ከመስቀል ወዲያ የማድለው ዱቄት የለኝም። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ጠዋት መጥተው በሩ ላይ ሲቀመጡ እኔ በጓሮ ነው የምገባው። የአረጋውያን ማኅበር መሪ ተብዬ በጓሮ አጥር ስሾልክ ብታዪኝ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

አንቺ ያስጀመርሽን መጠያየቅ ግን አልፈረሰም፤ ይህንን ስትሰሚ ደስ ይበልሽ። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ እየገባን፣ የየማኅበሩ መሪዎች ዛሬም እንሰበሰባለን። ተረኛው ችግሩን ይዘረግፋል፤ ሌላው ይጠይቀዋል እንጂ አይመክረውም፤ የመከረ ስኒ ያጥባል። የየቲም፣ የወላጅ አልባ ልጆቹን ማኅበር የሚመራው ሙሄዲን አሁንም ምክር እያመለጠው ስኒ አጣቢያችን እሱው ነው። የሴቶች ማኅበር የምትመራው ውባንቺም ሴቶቿን ይዛ ከወልድያ ተፈናቅላ እኛው ግቢ አርፋለች። የራሷ ሰዎች ሸራ ሥር ተኝተው እሷ ርዳታ ማሰባሰብ ታስተምረናለች። መለመን አትበሉ፣ ሰጪውን የሥራችሁ ተካፋይ ማድረግ በሉ ትለናለች። ሙሄዲን ታዲያ፣ አንቺ ሴትዮ አላህ ይይልሽ፣ ልመናን ካባ አለበስሽው ብሏት ስንስቅ ዋልን።

ታሪክ ፍለጋ ስወጣ ግን ሳቁ ቀረ። አንዷ ፎቶ ላንሣሽ ስላት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለሰርግ እንጂ ለዱቄት ፎቶ ተነሥቼ አላውቅም ብለው መለሱኝ። እሺ ያሉኝ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። እኒህ እናት ዱቄት የሚወስዱት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ከረጢቱን በነጠላ ሸፍነው፣ ከወፍጮ ቤት የሚመለሱ መስለው ነው የሚሄዱት፤ መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ ወፍጮው ዛሬ ሰው በዝቶበት ነበር ይሉታል። ከጦርነቱ ወዲህ ቤታቸው ድረስ የገባሁት ለዚህ ፎቶ ብዬ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሱቃቸው በመጀመሪያው ዙር ጦርነት እንደተዘረፈ ባዶውን ቆሟል። የቤቱ ቆርቆሮ ግማሹ የለም፤ አልጋቸውን ዝናብ ወደማይደርስበት ጥግ ገፍተውታል።

ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም ብዬ ጮኽኩባቸው። ታውቂኛለሽ፣ ሳዝን የሚቀድመኝ ቁጣዬ ነው። እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ አዲስ አበባ ሥራ ያላት ልጅ አለችኝ፤ በደወለች ቁጥር ሱቁም ደኅና ነው፣ ቤቱም ታድሷል እላታለሁ፤ ብቻዋን ናት፣ ሐሳብ አልጨምርባትም አሉኝ። ከዚያ ፎቶው የት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ፈረንጆች ዘንድ አልኳቸው። እንዲያ ከሆነ አንሺኝ፣ ፈረንጅ ይየኝ፣ አያውቀኝ አላውቀው፤ ልጄ ብቻ እንዳትሰማ አሉና እንዳልነግራት በሚካኤል አስማሉኝ። ማልኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩልኝ። ፈረንጆቹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አዲስ አበባ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ አላወቁም። የልጃቸውን ሥራ ሲጠየቁ ቢሮ ነው ከማለት በስተቀር እሳቸው ምን ያውቃሉ? እኔም ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ተራዬ ሲደርስ ስም ሳልጠራ ጉዳዩን ለመጠያየቁ ዘረገፍኩት። ውባንቺ ገንዘቡ ቢቀር ቀድሞ የሚጎዳው ማን ነው አለችኝ። ጧሪ የሌላቸው አልኳት። ሙሄዲን ደግሞ፣ ለመሆኑ ልጃቸው ታውቃለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ብድግ ብዬ ወጣሁ። በጥያቄ መቆጣት በደንባችን ነውር ነው፤ ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ግቢውን ዞሬ ዞሬ ስመለስ ስኒው ሁሉ ታጥቦ ተደርድሯል። ከመካከላቸው አንድም የመከረ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እህልም ሥራም እምቢ ብሎኛል። ፎቶውን ካልላክሁ ያ ሁሉ ሰው ባዶ ከረጢቱን ይዞ ሊመለስ ነው። ከላክሁ ደግሞ ለእኒህ እናት የቀረቻቸውን አንዲት ነገር፣ ልጃቸው ፊት ያለችውን ክብራቸውን እወስድባቸዋለሁ። ሌላ ሰው ላንሣ ብዬ ወደ ሲሪንቃ በሚሄድ ባጃጅ ተሳፍሬ ነበር። መንገድ ላይ ግን፣ ሌላውስ ሰው የማን እናት ሊሆን ነው ብዬ ወረድኩ። ሹፌሩ እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም። ተናድጄብሻለሁ ደግሞ፣ ልደብቅሽ አልችልም። እዚያ ሆነሽ ፊት፣ ፊት ትይኛለሽ። ወዲያው ደግሞ አንቺ ምን በደልሽ እላለሁ፤ ደኅና ነን ስትባይ ከማመን ሌላ ምን ታደርጊ ነበር? መሪነት ይህ ከሆነ ለጠላቴም አይስጠው።

እንግዲህ ወስኛለሁ። መሐላዬን አላፈረስኩም፤ የማንንም ስም አልጻፍኩልሽም። ፎቶውን ግን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። በሌላ ፖስታ አሽጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ፊት አትክፈቺው። ቤትሽ ግቢ፣ በርሽን ዝጊ፣ ቁጭ በይ። ከዚያ በኋላ ለመሥሪያ ቤትሽ ብትሰጪውም ባትሰጪውም አልጠይቅሽም፤ አልፈርድብሽምም። ደምሴ ጭነቱን አራግፎ ቅዳሜ ወደ መርሳ ይመለሳል። ጋቢናው ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ያዝ ብዬዋለሁ።

አምላክ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አንቺንም ከክፉ ነገር ይሰውርሽ፤ ልብሽን ያጽናልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ከአንድ ግቢ አብሬሽ የወጣሁት እህትሽ