የፎር ዊል መብራትና አባየ

መስከረም 11፣ ከሰዓት 8፡00

ጧት ስድስት ጆንያ ሩዝ በመኪናዬ ጫንኩ፣ ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረታ ገበያ። ጭቃው ገና ነው። ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ አራቱንም ጎማ የሚያስይዝ ፎር ዊል ከሌለ ንቅንቅ የለም። እና ዛሬ፣ ማስታወሻዬ፣ ፎር ዊሉን ባስገባ መሪው ፊት ያለችው ቢጫዋ መብራቱ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። የፊት ጎማ አልያዘም። የኋላው ብቻውን ጭቃ ይረጫል። ገበሬዎች ገፍተው አወጡኝ። ሴት ሹፌር ስትቸገር የማያይ የለ፣ ሁሉም ወጥቶ አየኝ።

መኪናዋ መጥፎ ጊዜ መረጠች። የእማየ አርባ ደርሷል። የተቀበረችው በተናዘዘችው መሠረት ትውልድ አገሯ ነው፣ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ፣ ከአባቷ አጠገብ። እዚያ ደግሞ በዚህ ጭቃ ያለ ፎር ዊል አይገባም።

ያው ቀን፣ ማታ 2፡30

አባየ ተነሣ!

ከቀብሩ ወዲህ መደብ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውል። ጎረቤት ቢመጣ፣ ቄስ ቢመጣ ያው ነው። ዛሬ እኔ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ስራገም ሰማ። ጋቢውን ደርቦ፣ ያንን ሕመምተኛ ጉልበቱን እየጎተተ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዳ ሰው አይደል። ብልጭታዋ ቶሎ ቶሎ ነው ወይስ ዝግ ያለ? ስትታጠፊ ነው ወይስ ቀጥ ስትዪ? እንደ ተማሪ ቆሜ መለስኩ። ቀጥ አድርገሽ ትንሽ ወደ ኋላ ሂጂ፣ አንዳንዴ ተይዞ ነው፣ ይለቃል አለ። ሄድኩ። አለቀቀም።

እራቱን ግን ሳልለምነው በላ። ደስ አለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩም።

መስከረም 13፣ ማታ

ጎማ ነው ይላል አባየ። የፊት ቀኙ አዲስ፣ ግራው ያለቀ፤ ፎር ዊል እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። ክሪክ አስገብቼ መኪናዋን አነሣሁ፣ ጎማውን ፈታሁ፣ ቀየርኩ። እሱ ባለሦስት እግሯ ዱካ ላይ ተቀምጦ አዛዥ። ብሎኑን በሰያፍ እሰሪ፣ በሰያፍ! ጨርሼ ሞከርኩ። ብልጭ ድርግም።

የብሎን መፍቻውን ወረወርኩት። አባየ ሳቀ። ከእማየ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ አጭር ነው፣ ግን ሳቅ ነው። እንዲህ ከሆነ ብልሽቷ ትንሽ ቢቆይ ምናለ አልኩ በልቤ።

መስከረም 14

ጀማል ጋ ወሰድኳት። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት አብረን ነው የተማርን። ከሥር ገባ። ብዙም አልቆየ። የፊቱን ጎማ የምታስይዘው የትንሿ ሞተር የሽቦ መሰኪያ ላልቶ፣ ጭቃ ጠጥቶ ኖሯል። ጠረገው፣ አደረቀው፣ ቀጭ አድርጎ ሰካው። መብራቷ ሳትርገበገብ በራች። የፊት ጎማ ያዘ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ቤት እየሮጥኩ ለአባየ ነገርኩት። ጥሩ ነው አለ። ገብቶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ምን አጠፋሁ?

መስከረም 15፣ ጧት

ብልጭ ድርግም። ኧረ በሕግ አምላክ!

አባየ ወዲያው ወጣ። ፊውዝ ይሆናል አለ። ኮፈኑን ከፍተን ፊውዝ በፊውዝ ስናይ ዋልን። አንዱን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፣ ይነፋዋል፣ መልሶ ይሰካል፣ ወሬ ይቀጥላል። እማየን እንዴት እንዳገኛት ነገረኝ። ሐሙሲት ላይ መንገድ ዳር ቲማቲም ትሸጣለች። ሊያናግራት ፈልጎ ቃል ስላጣ ሳጥኑን እንዳለ ገዛት። ወንደላጤ፣ ሳጥን ሙሉ ቲማቲም! በማግስቱም ገዛ። በሦስተኛው አይሆንም አለችው፤ የትናንቱን ሳትበላ አልሸጥልህም። እያወራ ይስቃል፣ እየሳቀ ዓይኑን በጋቢው ይጠርጋል።

መብራቷ እንዳለች ናት። ረሳናት።

መስከረም 18፣ 10፡00

እንደገና ጀማል ጋ። መሰኪያው ወልቋል። ዛሬ ግን ጭቃ የለበትም፣ ደረቅና ንጹሕ ነው። ጀማል አገላብጦ አየው። ይሄ ማቀፊያው በአውራ ጣት ካልተጫኑት አይከፈትም፣ ግቢያችሁ ልጅ አለ ወይ አለኝ። ልጅ የለም። እንደ በፊቱ ሰክቶ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ የአባየን ጋቢ አየሁ። ጀርባው የደረቀ ጭቃ፣ ትከሻው የመኪና ግራሶ። ጫማውን ለማሰር የማይጎነበስ ሰውዬ፣ በዚያ ጉልበት፣ መኪና ሥር ተኝቷል!

ደሜ ፈላ። አክስቴ ሙሉ፣ የእማየ ታናሽ፣ ጠላውን ጠምቃ እህሉን አምጪ ስትል በየቀኑ ትደውላለች። እኔ ብሎን በሰያፍ አስራለሁ። ነገ ፊት ለፊት ነው የምጠይቀው።

መስከረም 19

ጧት ወጥቼ አየሁ። መሰኪያው ተነቅሏል።

አልጠየቅኩትም። ገና ስነሣ የቀብሩ ቀን ትዝ አለኝ። ነሐሴ፣ ሜዳው ሁሉ ውሃ። መኪና ስለማያልፍ እማየን በታንኳ ነው ያሻገርናት። አባየን በዚህ ጉልበትዎ አይሆንም፣ እዚህ ይቆዩ አሉት ቀባሪዎቹ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ መኪናዋ ውስጥ ቀረ። ስንመለስ እንደተውነው ነበር። መቃብሩን አላየም። አፈር አልመለሰም። ይህን ሁሉ ቀን ስለ ጉልበቱ ነው ያዘንኩለት፣ ሞኝ።

መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቁልፉን ከፈትኩ። መብራቷ ብልጭ ትላለች። ስለ መሰኪያው እኔም አላነሣሁ፣ እሱም አላነሣ። መብራቷን እያየ፣ ቀስ ብሎ፦

“መቃብሯን እስካላየሁ ድረስ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ሄዳ የቆየች ይመስለኛል።”

ይኸው ነው። ከዚያ ቁልፉን ዝጊ፣ ባትሪ ትጨርሻለሽ አለኝ።

ከሰዓት

ወሰንኩ። አልሰካውም። ለአክስቴ ደወልኩ፤ እኔ እህሉን ይዤ በትራክተር እመጣለሁ፣ አባየ ከቻለ ይመጣል፣ ካልቻለ ይቀራል። ጮኸች። ባሏ በአርባዋ ሳይገኝ፣ ሰው ምን ይላል? ያሻውን ይበል አልኳት። ለአክስቴ እንዲህ መልሼ አላውቅም። ማስታወሻዬ፣ መሰኪያ መሰካት ቀላል ነው። አባየን ግን ወደማይችለው ቦታ ጎትቼ አልወስደውም። እማየም ብትኖር ተይው ትል ነበር።

መስከረም 21፣ ማታ 12፡00

ነገ ነው። ነገርኩት፤ ትራክተሩ በጧት ይመጣል፣ ምግብህን ጎረቤት ታቀርብልሃለች። እሺ አለ። ቆይቶ ውሃው ጎደለ ወይ አለኝ። ጎድሏል፣ ጭቃው ነው የቀረው። በየት በኩል ነው የምትሄዱት? በላይኛው። ደግሞ ቆይቶ፣ መቃብሩ አጠገብ ዛፍ አለ ወይ አለኝ። ትልቅ ወይራ አለ አልኩት፣ ከቤ/ክኑ በስተጀርባ።

ጥላ አላት በይኛ፣ አለ። እኔም እንባዬን ይዤ ዱቄት መቋጠሬን ቀጠልኩ።

መስከረም 22፣ ጧት 12፡15

ቆሜ ነው የምጽፈው። ትራክተሩን ልጠብቅ ብወጣ የመኪናዋ በር ክፍት። አባየ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። ያ ጭቃና ግራሶ የነካው ነጭ ጋቢው ታጥቧል፤ መቼ እንዳጠበው እንጃ። ከዘራው በጉልበቶቹ መካከል። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። መሰኪያው ገብቷል። በጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ተጠቅልሏል፣ ተጠቅልሏል፣ ቡጢ አክሏል። ጥቅሉን በሙሉ ጨርሶታል።

ይሄ ሁሉ ናስትሮ ለምንድን ነው አልኩት። ፊቱን አላዞረም።

“ራሴ መልሼ እንዳልነቅለው ነው።”

ቁልፉን አዞርኩ። ፎር ዊሉን አስገባሁ። መብራቷ ሳትርገበገብ በራች። ሁለታችንም አየናት። እጁን ያዝኩት፣ ያዘኝ። ለትራክተሩ ሰውዬ ደውዬ አትምጣ አልኩት። እህሉ ተጭኗል፣ የቀረው የእማየ ነጠላ ነው፣ መቃብሯ ላይ ሊያለብሳት ይፈልጋል፣ እሱን ላመጣ ነው ቤት የገባሁት።

አባየ የመኪናዋን ጡሩምባ እየነፋ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ሊቀሰቅስ። መጣሁ አባየ፣ መጣሁ።