የቨርነን ጠማማ መስመር

ዶሪን፣

ወደ ጋራዡ ከመዞርሽ በፊት ይቺን አንብቢ። ለዚህ ብዬ ነው ፖስታ ሳጥኑ ላይ የለጠፍኳት።

አስፋልት ሠሪዎቹ ነገ ዝናብ ነው ብለው ዛሬ መጡ። ከጋራዡ ፊት ያለው አሮጌ አስፋልት በሙሉ ተነሥቷል። አዲሱን እስኪያነጥፉ ድረስ መኪናሽን መንገድ ዳር አቁሚ፤ ጠጠሩ ገና አልተጠቀጠቀም።

የቨርነንን መስመርም አንሥተውታል።

ባልሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለልጃችሁ ለቴሪ ለቅርጫት ኳስ መወርወሪያ የቀባላት መስመር ያለበትን ቁራጭ አስቆርጬ እንዳስቀምጥልሽ አደራ ብለሽኝ ነበር። በባዶ እጄ ልለምናቸው አፈርኩና መጀመሪያ ዶናት ልግዛላቸው ብዬ ሄድኩ። ስመለስ ገልባጩ ጭኖ ወጥቷል።

አለቃቸውን "መስመሩስ?" ብዬ ስጠይቀው፣ "የቱ መስመር፣ ጌታው? ያ የተንጋደደው ነጭ ቀለም?" አለኝ፣ ዶናቴን እያላመጠ።

አሁን አሮጌ አስፋልት ወደሚፈጩበት ግቢ እየሄድኩ ነው። የዛሬውን ጭነት ነገ ጠዋት ነው የምንፈጨው ብለውኛል። ምድጃው ላይ ሾርባ አለልሽ። ጨው በዝቶበታል ብለሽ እንዳትደውዪ፣ አውቄዋለሁ። አንድ ዶናትም ተርፏል፤ እኔ የምበላበት አንጀት የለኝም።

ቁራጩን ካላገኘሁት ግን የቨርነንን የሥራ ቦት ጫማ ከምድር ቤት አውጪልኝ። በሜትር ሳይሆን በጫማው እየተራመደ እንደለካው የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። አዲሱ አስፋልት ሲደርቅ ያንኑ ጫማ አድርጌ ከቅርጫቱ ሥር ጀምሬ እለካለሁ። ቀለሙን አንቺ ትቀቢያለሽ።

ጠማማ ቢወጣም እንደ ድሮው አልስቅበትም።

ጎረቤትሽ ግሌን