የተኳረፉት ኤሌክትሪሻኖች ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018

መጽሔታችን የሚታተምበት የልደታው ማተሚያ ቤት ዛሬ ማሽኑ ተበላሽቶ ጠበቀኝ። ሊጠግኑ የመጡት አስናቀችና ባሏ ግርማ ናቸው። ከተኳረፉ ሁለት ሳምንታቸው ነው፤ ከጥበቃው እስከ ሒሳብ ሹሟ ወሬውን ያልነገረኝ የለም።

ግርማ ትልቁን የመብራት ማጥፊያ ብሬከር አጥፍቶ በጓጉንቸር ቆለፈው። መብራት አለመኖሩን በቴስተር ፈተሸ፤ የማሽኑንም ማስነሻ ተጭኖ ሞከረ። ከዚያ ቃል ሳይተነፍስ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረላት። እሷም ቀና ብላ ሳታየው ማሽኑ ሥር ገባች፤ እግሯ ብቻ ውጭ ቀረ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ አላስቻላቸውም።

"ግርማ፣ በሌላኛው ቁልፍ ክፈተው እንጂ! ጨርሳለች እኮ!"

"ሌላ ቁልፍ የለውም ጋሼ፤ እሷ እዚያ ሥር እያለች ማንም እንዳያበራው ነው። ስትወጣ ራሷ ትከፍተዋለች።"

"ጨርሰሽ እንደሆን በላታ!"

"አታናግረኝም።"

ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን ዓይኑን ከእግሯ አልነቀለም።

ወጥታ ከፈተች፤ ማሽኑም ተነሣ። አሁንም አላናገረችውም። ኩርፊያቸውን ለዓምዴ ቋጥሬ ነበር፤ ተውኩት። ይታረቁ ይሆን? እኔ እንጃ። ብቻ እንዲህ ያለ ኩርፊያ ለእኔም ቤት በሆነ…