ትከሻዋን ነው ያልኩት እኔ ነኝ

ትርንጎዬ፣ የልጄ እናት፣

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። በሚመጣው ሳምንት የሙት ዓመትሽን፣ አዝካራሽን እናወጣለን፤ ዘመዱ ሁሉ መቃብርሽ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ ቆሜ ምን እንደምል ሳስብ ከረምኩና ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ያቭኔ መጣሁ። መቼም ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ልጃችን ማሬም አማርኛውን ትናገረዋለች እንጂ አትጽፈውም። ይህን የሚጽፍልኝ አገር ቤት አስተማሪ የነበረ፣ እዚህ ያቭኔ የሚኖር ሰው ነው። እኛው ከተማ ቂርያት ማላኪ ጸሐፊ ጠፍቶ አይደለም፤ በሚያውቁኝ ሰዎች መሀል አፌ አልከፈት ስላለኝ ነው። የምልህን እንዳለ ጻፍ፣ እንዳታሳምረው ብዬዋለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሊፍቱ ዛሬም ይበላሻል፤ አራት ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ። በረንዳ ላይ የተከልሽው ጤና አዳም አልደረቀም፣ እኔ ነኝ የማጠጣው። ያ የትከሻ ቅባትሽም መሳቢያው ውስጥ አለ። ማሬ ልትጥለው ብትል አስቀምጪው ብዬ ጮህኩባት። ለምን እንደጮህኩ አልገባትም።

ባለፈው የካቲት ከእሷ ጋር ጎንደር ሄጄ ነበር። ከምትሠራበት ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች በፈቃዳቸው ተሰባስበው፣ ገጠር ወርደው ሁለት ሳምንት በነፃ ሊያክሙ ተነሡ። አስተርጓሚ ቸገራቸው። እዚህ ያደጉት ልጆች ምች ምን እንደሆነ፣ ቁርጥማት ምን እንደሆነ የት ያውቁታል? አባ፣ አንተ ና አለችኝ። ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ሃያ ዓመት በጆሮዬ የለቀምኩት ዕብራይስጥ ለቁም ነገር ተፈለገ ብዬ ኮራሁ። ጀርባው ላይ የተጻፈበት ሰደርያ አለበሱኝ። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ባላገሩ ግን ዶክተር ይለኝ ጀመር፤ እኔም አልከለከልኩም።

ጎሕ ሲቀድ እንነሣለን፤ መኪናው አጥንታችንን ሲያላጋው ቆይቶ የገጠር ትምህርት ቤት ያደርሰናል። ሰዉ ከኛ ቀድሞ ግቢውን ሞልቶት ይጠብቃል። አንዱ ክፍል ለዓይን፣ አንዱ ለሕፃናት፤ ጥርስ የሚነቅለው ደግሞ ደጅ ባሕር ዛፉ ሥር። እኔ ከአንዲት ዶክተር ጎን ተቀምጬ ቃል አቀብላለሁ። ከአንድ እስከ አሥር ስንት ያህል እንደሚያማቸው ጠይቅልኝ ትለኛለች። ሕመም እህል ነው በቁና የሚሰፈረው? እነሱ ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ሲመሽ ይብስብኛል ይላሉ፤ እኔ ሰባት እላታለሁ። ቤሰደር፣ እሺ ብላ ትጽፋለች። አንዱ ሽማግሌ ክኒኑን አልቀበልም፣ መርፌ ካልወጋችሁኝ አልነሣም ብሎ ወንበሩን ይዞ ቀረ። ሌላዋ ደግሞ የኛ ሰው ሆነህ ምነው ከነጮቹ ጋር ደረቅ ዳቦና የቆርቆሮ ዓሣ ትበላለህ፣ እንጀራውን ቀሙህ ወይ ብላ አሾፈችብኝ። ብታይ ትስቂ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ሰው ሚስቱን ይዞ ገባ። ሴትዮዋ ሠላሳ አይሞላትም። እሱ ዱላውን ተደግፎ አጠገቧ ቆመ። አንገቷን ደፍታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጡቴ ውስጥ እንደ ባቄላ ያለ ነገር አለ አለችኝ። ባሏ ከአፏ ነጠቀና፣ ተዋት አባቴ፣ ወገቧን ነው በላቸው አለ። ዶክተሯ ብዕሯን አንሥታ ታየኛለች። ምን አለች? አለችኝ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ አንቺ ያን ቀን እንዳየሽኝ።

ለዶክተሯ ነገርኳት፤ ሴትዮዋ እንዳለችው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ባልዬውን ውጭ ጠብቅ አልኩት። ዓይኑ ቀላ።

«አንተ ሽማግሌ፣ የሰው ሚስት ገላ ስትጠራ አታፍርም?»

«አንድ ጊዜ አፍሬ አይቼዋለሁ» አልኩት።

ዶክተሯ ከመረመረቻት በኋላ ፊቷ ጠቆረ። በራሳቸው መኪና ከተማ ሆስፒታል ላኳት። ትዳን አትዳን አላውቅም። ማታ ራት ስንበላ ማሬ በሰው ሁሉ ፊት ትከሻዬን አቅፋ፣ «አባ፣ እማ ላንተ እንኳ ነግራህ ቢሆን ዛሬ በሕይወት ነበረች» አለችኝ። ዳቦዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ከተመለስንም ወዲህ ሰንበት በመጣ ቁጥር ይህንኑ ትደግመዋለች። በሙት እናቷ ላይ ቂም ይዛለች፤ ነርስ ልጇን አምና ያልተናገረች እናት አድርጋ ነው የምታስብሽ።

አንቺ ግን ነግረሽኛል። ሰፈራችን ክሊኒክ በወሰድኩሽ ቀን፣ ደጁ ላይ ሳንገባ፣ ጡቴ ውስጥ እብጠት አለ፣ ንገርልኝ አልሽኝ። ሐኪሙ ጆሮውን የተበሳ ጎረምሳ ነበር። ቃሉን በዕብራይስጥ አጥቼው አይደለም ትርንጎ፣ አውቀው ነበር። የሚስቴን ገላ ለዚህ ልጅ አልጠራም አልኩና ትከሻዋን ነው አልኩት። ትከሻሽን ከልብስሽ ላይ ጫን ጫን አድርጎ ቅባት አዘዘ። ስንወጣ ነገርከው ወይ? አልሽኝ። አዎ አልኩሽ። አንቺም አምነሽ ሰባት ወር ጠዋትና ማታ እብጠቱ ላይ ቀባሽው። ስትቀቢ አይሻለሁ። ሲያልቅ ሄጄ ሌላ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለሽ ማሬ እያለቀሰች ለምን ደበቅሽኝ ስትልሽ፣ ዓይንሽን እኔ ላይ አሳረፍሽ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባሽ። «ፈርቼ ነው ልጄ» አልሻት። ወንድ ነኝ ባዩ እኔ አጠገብሽ ተገትሬ ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቃልሽ ተከልዬ ስኖር፣ አንድ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሱንም እንድታዝኚልኝ አይደለም የምነግርሽ።

አሁን ጸሐፊው እጁን አቁሞ ያየኛል። ጻፍ አልኩት። አዝካራሽ ላይ ይመጣል፤ ይህን ደብዳቤ ዘመድ በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ማሬ ሰምታ ፊቷን ብታዞርብኝ፣ ከምትኖርበት ከገዴራ ዳግመኛ ባትመጣልኝ፣ ልክ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም፤ እሷን ካጣሁ እንግዲህ ከጤና አዳሙ ጋር እቀራለሁ። ቢሆንም አንቺን እንደ ፈሪ ሲያነሡሽ ተቀምጬ መስማት ከዚህ ወዲያ አልችልም። እስክከተልሽ ድረስ ስምሽ በተነሣበት ሁሉ ያልሽውን እንዳልሽው እናገራለሁ፤ በዚህ ነው የማስታውስሽ።

ሐኪሙ የት ነው የሚያማት ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጸሐፊው መልሱን ከታች ለብቻው ይጻፍልኝ።

ሚስቴን ያመማት ጡቷን ነው።