ንፋሱ የያዛት ጀልባ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ዛሬ የጀልባ ማኅበራችን ደቦ ነበር። ጀልባዎቹ ከባሕር ወጥተው ክረምቱን የሚቆሙባቸውን የብረት ድጋፎች ከመጋዘን አውጥተን ደረደርን። በየዓመቱ የሚበዙ ይመስለኛል። ወይስ እኔ ነኝ እያነስኩ የምሄደው? አሥረኛውን ሳነሳ ጉልበቴ እምቢ አለ። እሳቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና "ሥራውን እየተቆጣጠርኩ ነው" አልኩ።

"የምትቆጣጠረው ቋሊማውን ነው፣ አንተ ሽማግሌ!" ቶርስተን ነው፣ የወደባችን ኃላፊ። እውነቱን ነው። ሁለት በልቻለሁ።

ለብቀላ በኮቱ ኪስ በጭስ የደረቀ ዓሣ ከተትኩለት። እሱ ካላገኘው ሚስቱ ታገኘዋለች።

ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ነበር... ውርጭ። ገና በኦክቶበር አራት? ጀልባዎቹ ሁሉ ገና ውሃ ላይ ናቸው። መጨረሻዋ ጀልባ ወጥታ እስክትሸፈን አላርፍም። በየዓመቱ እንዲህ ነኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኦርቮ ይቀልዳል እንጂ ይፈራል ብሎ የሚያምን የለም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ከሳይላ ጋር የጀልባችንን የኢልቫን ሞተር ለክረምት አዘጋጀን። ኢልቫን ታናሽ ወንድሜ ታኔሊ ነው በእጁ የሠራት፣ አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ። ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ። አምና ብቻዬን አወጣኋት። ዘንድሮ ልጁ ሳይላ "እኔ ነኝ የምሠራው፣ አንተ ቆመህ ታሳየኛለህ" አለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አገጯ የአባቷ፣ ግትርነቷም የአባቷ።

"አጎቴ፣ ውሃው ውስጡ ቢቀር ምን ይሆናል?"

"ይረጋል። ሲረጋ ያብጣል። ሲያብጥ ብረቱን እንደ እንቁላል ይሰነጥቀዋል።"

"ብረቱን?"

"ብረቱን።"

"እሺ፣ አንተ ካልክ።" ደብተር አውጥታ ጻፈችው። ያልኩትን ሁሉ ትጽፋለች። እኔ ሞተር የተማርኩት ከተሰባበረ ሞተርና ከሰው ስድብ ነው። እንዲህ አምኖ የሚሰማኝ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል... ትንሽም ያስፈራኛል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

የክሬን ቀን። ሁሉም ጀልባ ወጣ። አንድም አልወደቀም።

ኢልቫ በሁለት ቀበቶ ተንጠልጥላ አየር ላይ ስትወዛወዝ ትንፋሼን ያዝኩ። አራት ቶን! ቶርስተን በእጁ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ቁም ይላል። ሳይላ ከጎኔ፦

"አጎቴ፣ እጄን ልቀቀኝ። ሰበርከኝ እኮ።"

ለካ ይዣት ነበር። "እንዳትፈሪ ብዬ ነው" አልኳት። ሳቀች።

ከሥር ባለው የብረት አከርካሪዋ ላይ አስቀመጥናት። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት ድጋፍ። ክብደቱ በአከርካሪው ላይ ነው፤ ድጋፎቹ ወደ ጎን እንዳትወድቅ ብቻ ነው የሚይዟት። ራሴ በመዶሻ አጠበቅኳቸው። ሁለቴ ዞሬ አየሁ። ሦስቴ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ዛሬ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ሳይላ ኢልቫን ሸራ አለበሰቻት። ጥሩ አድርጋ ወጠረችው። ከዚያ የሸራውን ገመዶች ምን ላይ ብታስራቸው ጥሩ ነው? ድጋፎቹ ላይ! አንድ በአንድ፣ ስድስቱም ላይ። ገመዱ በጀልባዋ ሆድ ሥር ዞሮ ከወዲያ ጎን ነው የሚታሰረው፣ ወይም አሸዋ የሞላ ጀሪካን ይንጠለጠልበታል። ድጋፍ ላይ የታሰረ ሸራ ንፋስ ሲገባበት እየሳበ፣ እየነቀነቀ ድጋፉን ይነቅለዋል። ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም አንድ ቀን ያላወቅን ነበርን።

ለአዲስ ሰው ግን አይነገርም። ልማዳችን ነው። ቅዳሜ ቶርስተን ዞሮ ይፈትሻል፤ ስህተት የተገኘበት ለማኅበሩ ሁሉ የአተር ሾርባ ያበስላል። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ሰማንያ ሰባት ለአርባ ሰው አብስያለሁ። ታኔሊ በተራው ሲያበስል አሳርሮት ነበር፤ ዛሬም ድረስ ይወራል። ልጁስ ለምን ይቅርባት?

እንዲያውም ቀዩን ገመድ እኔ ነኝ ያቀበልኳት። "ቋጠሮሽ ጥሩ ነው" አልኳት። ቋጠሮው እውነትም ጥሩ ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ከቱርኩ ሆስፒታል ደወሉ። አንድ ሰው ቀርቶ ተራው ለኔ ደረሰኝ። ጉልበቴን አርብ ይቀይሩታል። አርብ!... ፒጃማ አለኝ እንዴ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

አዲስ ጉልበት። ከኔ የተሻለ ብረት ነው ይላሉ።

ዛሬ ፍተሻው ነው። አጠገቤ ለተኛው ገበሬ የሾርባውን ታሪክ ነገርኩት፤ ስፌቱ እስኪያመው ሳቀ። ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። "አንተ ተንኮለኛ ሽማግሌ!" ብላ ትደውላለች ብዬ።

አልደወለችም። አኩርፋ ይሆን?

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ሳይላ መጣች። ብርቱካን ይዛ፣ ፊቷ በርቶ።

"አለፍኩ እኮ!"

"ምኑን?"

"ፍተሻውን! ቶርስተን እኔ ጋ ሲደርስ 'ይሄን ማን አየው?' አለኝ። 'አጎቴ ኦርቮ፣ ከጎኔ ቆሞ' አልኩት። 'እንግዲያውስ አለቀ' ብሎ ምልክት አድርጎ አለፈ። ሸራውን እንኳ አልገለጠውም።"

የሸራው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ገመዶቹን ይሸፍናቸዋል። ሳይገልጡት አይታይም።

ገበሬው ወደኔ ዞረ። ነርሷ "ጎበዝ አጎት አለሽ" አለቻት። ሳይላም "እሱ ያየው ነገር አይሳሳትም" አለች። በሰው ፊት፣ ኮርታብኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

"አንዱን ልላጥልህ?" አለችኝ።

ብርቱካን በላሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ንፋስ የለም። ከመስኮቱ ውጪ ያሉት ዛፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። በስልክ ስለ ጉልበቴ አወራን። ሳምንቱን ፈቃድ ወስዳለች። ጀልባዋ ውስጥ ገብታ የአባቷን አልጋ እንጨት በማሽን እየፋቀች ነው። መሰላል አቁማ በሸራው ሥር ትገባለች።

ውስጧ ናት ማለት ነው... ቀኑን ሙሉ።

ነገ እነግራታለሁ። ሳቅ ብዬ፣ ቀለል አድርጌ። "አንቺ፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር" እላለሁ። ረስቼ? አልረሳሁም። እንዴት ነው የሚባለው?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

አልደወልኩም። አራመዱኝ፣ ደከመኝ፣ ተኛሁ። ሰበብ ነው፤ አውቃለሁ።

ማምሻውን ሬዲዮው፦ ነገ ከደቡብ ምዕራብ ማዕበል። ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። መልእክት ጻፍኩ፦ "ነገ ወደ ወደብ አትሂጂ።" ለምን እንደሆነ አልጻፍኩም። ለምንድነው ያልጻፍኩት?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

የሆነውን ልጻፈው።

ጠዋት ዛፎቹ ጎንበስ ብለው ነበር። መልሷ መጥቷል፦ "ሃሃ፣ ንፋስ ፈራህልኝ? ሸራው ሥር ይሞቃል። ድጋፎቹን ያጠበቅካቸው አንተ እኮ ነህ።" ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ማሽኑን ስትይዝ ጆሮዋን በመከላከያ ትሸፍናለች። ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ከዚያ ለቶርስተን።

"ቶርስተን፣ ኢልቫ... የሸራው ገመድ ድጋፎቹ ላይ ነው የታሰረው።"

"ማነው ያለው?"

"አይቻለሁ። ስታስር አይቻለሁ።"

"አይተህ ዝም አልክ?"

"ለሾርባው ብዬ..."

"ልጅቷ የት ናት?"

"ውስጧ።"

ዘጋው። አልሰደበኝም። ሃያ ዓመት ሲሰድበኝ የኖረ ሰው።

ቤቱ ከወደቡ አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ። ነርሷ መጥታ ክንዴ ላይ መለኪያውን አሰረች። "አባባ፣ የደም ግፊትዎ ምን ሆነ?" ምን ልበላት? ገበሬው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። የሾርባውን ታሪክ ያውቀዋል። ሠላሳ። አንድ ጊዜ መስኮቱ በንፋሱ ሲንኳኳ ከአልጋው ልወርድ ሞከርኩ። በምን እግሬ? አርባ።

ደወለ።

"ቆማለች። ልጅቷም ደህና ናት።" ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "በንፋሱ በኩል ያሉት ሁለቱ ድጋፎች መሬት ላይ ተኝተዋል። ሦስተኛው በገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።"

"ታዲያ ምን ያዛት?"

"ንፋሱ። ንፋሱ ወደ ወዲያኛው ጎን እየገፋ በዚያ በኩል ባሉት ድጋፎች ላይ አስደግፏት ነበር። አንድ ፋታ ቢሰጥ ኖሮ፣ ኦርቮ... አንዴ ፀጥ ቢል ወደኛ ትወድቅ ነበር።"

መሰላሉ የቆመው በወደቁት ድጋፎች በኩል ነው። ሳይላ ማሽኑን አጥፍታ ራሷን ብቅ አድርጋለች፤ እሱ "ባለሽበት ቁጭ በይ! እንዳትነቃነቂ!" ብሎ ጮኸባት። የማኅበሩን ትራክተር አምጥቶ የፊት አካፋውን ከጀልባዋ ጎን አስደገፈ። ድጋፎቹን መለሰ፣ ገመዶቹን በቢላ ቆረጠ። ከዚያ አወረዳት።

"ነገርካት?" አልኩት።

"እሱን አንተ ትነግራታለህ" አለኝ።

አርብ፣ ኦክቶበር 24

ሳይላ ቀድማ ደወለች። ድምፅዋ ገና ደስታ ነበረበት፤ አምልጦ የመጣ ሰው ደስታ።

"አጎቴ፣ ለቶርስተን ባትደውልለት ኖሮ እኮ! እንዴት አወቅህ?"

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ሬዲዮ ሰማሁ፣ ጠረጠርኩ፣ ሕልም አየሁ... ቢያንስ ሦስት ውሸት መጣልኝ። ሁሉም ጥሩ ውሸት ነበሩ።

"አይቼሽ ነበር" አልኩ። "ስታስሪው።"

"ቀዩን ገመድ አንተ ነህ ያቀበልከኝ።"

"አዎ።"

"'ቋጠሮሽ ጥሩ ነው' አልከኝ።"

"አዎ።"

"እሑድ ብርቱካን ስልጥልህስ? ያኔም ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ ልጄ።"

አልጮኸችም። "እሺ" አለችና ዘጋችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ቤቴ ገባሁ። በክራንች። ማንም አልደወለም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ቶርስተን አጃ ዳቦና ቅቤ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ረጅም ጊዜ ጠረገ።

"እኔም ሸራውን አልገለጥኩም" አለ።

"አንተማ እኔን አምነህ ነው።"

"ያን ነው የምልህ።"

ዳቦውን በላን። ወደብ ላይ አንድ በአንድ እየገለጠ ሁሉንም ጀልባ እንደገና ፈትሿል። ሳይላ አብራው ዞረች አለ። ደብተሯን ይዛ። ስለኔ ጠየቀችህ ወይ ልለው ፈለግኩ። ሌላ ዳቦ ቆረስኩ። ሲሄድ "ስለ ጉልበትህ ጠይቃለች" አለኝ። ስለ ጉልበቴ ብቻ? ስለ ጉልበቴ ብቻ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ሦስት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ። ሦስቴም የመጣልኝ ቀልድ ነበር። አስቀመጥኩት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

የአባቶች ቀን። ታኔሊ ካረፈ ወዲህ ሳይላ በዚህ ቀን ኬክ ይዛ እኔ ጋ ትመጣ ነበር። ዘንድሮ አትመጣም ብዬ ፂሜን እንኳ አልተላጨሁም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኮቷን ራሷ ሰቀለች። ፎቶ አሳየችኝ፦ ኢልቫ፣ ገመዶቿ በሆዷ ሥር ዞረው፣ ጀሪካኖች ተንጠልጥለው። "ቶርስተን አይቶታል" አለች። ጥሩ ነው አልኳት። ከዚያ በላይ ምን ልበል?

"ይቅርታ" አልኳት። ቃሉን ብቻ፣ ምንም ሳልጨምርበት። ሰሃኗን እያየች ራሷን ነቀነቀች። ይቅር ማለቷ ይሁን ሰምቻለሁ ማለቷ... አላውቅም።

"ጉልበትህስ?"

"ደህና ነው። ዶክተሩ በጣም ጥሩ ነው ብሏል።"

"ዶክተሩ የጻፈው ወረቀት አለ?"

አልገባኝም ነበር መጀመሪያ። ከዚያ መሳቢያውን ጠቆምኳት። አውጥታ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አጣጥፋ መለሰችው።

ሰሃኖቹን ልታጥብ ተነሳች። እኔ ወንበሬ ላይ፣ ፊቴ ወደ መስኮቱ፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ውጪ ነጫጭ ነገር መውረድ ጀመረ። ቀስ እያለ፣ ሰፋፊ ሆኖ።

"በረዶ ጀመረ" አልኳት።

ውሃውን ዘጋች። እጇን በፎጣ አደረቀች። ወደ መስኮቱ መጥታ ከጎኔ ቆመችና መጋረጃውን ገለጠች።

"እውነትህን ነው" አለች።