ለፒያኖ ቃኚ የሚሆን ፕሮግራም

ሰኞ

ዛሬም ሁለት ቦታ ቀጥሬ ተገኘሁ። ሆመቾም ዱራሜም፣ ሁለቱም ጠዋት። ሆመቾ ሄድኩ። የዱራሜዋ መምህርት ደውላ፣ "ካልፈለግክ አልፈልግም በለኝ እንጂ ለምን ታጉላላኛለህ?" አለችኝ።

ግማሹ ቀጠሮ ደብተሬ ላይ፣ ግማሹ ስልኬ ላይ፣ የቀረው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። በዚህ አካባቢ ሌላ ፒያኖ ቃኚ ስለሌለ እንጂ እስካሁን አንድ ደንበኛ ባልቀረልኝ። ባለቤቴ ወርቅነሽ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትውለው። "ለሁሉም ነገር ፕሮግራም አለ፤ ለአንተም አይጠፋም" አለች። ለፒያኖ ቃኚ? ፈለገች። አለ! ያውም አንድ አይደለም።

ማክሰኞ

ሦስት ሞከርን።

አንደኛው ገና ሳይከፈት የባንክ ካርድ ጠየቀ፤ የእኛን ካርድ አላውቀውም አለ።

ሁለተኛው ያለ ኔትወርክ አይሠራም። ኔትወርኩ ደግሞ ጠዋት እንደሄደ ከሰዓት መጣ።

ሦስተኛው ደህና መሰለኝ። የፒያኖውን ዕድሜ፣ የተበጠሰውን ክር ሁሉ ይመዘግባል። ግን የደንበኛው ፖስታ ኮድ ካልተሞላ ወይ ፍንክች። ፎንቆ ያለ ደንበኛዬ ፖስታ ኮዱ ስንት ነው? "ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ በር" ብዬ ብጽፍ በቀይ አሰመረበት። ወርቅነሽ ተናዳ ዜሮ በዜሮ ሞላችው። አለፈ!

ደስ ያለኝ ለደንበኛ በራሱ መልእክት መላኩ ነው። ለእህት አስቴር ደውዬ፣ "ነገ ዶዮገና እመጣለሁ፤ ሰዓቱን ኮምፒውተሩ ይልክልዎታል" አልኳቸው። ኮራሁ። እህት አስቴር የመዘምራን መሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ልጃቸውን ይድራሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ፒያኖ ደግሞ ዓመት ሙሉ አልተነካም።

ረቡዕ

ሦስት ሰዓት ላይ ዶዮገና ደረስኩ። አዳራሹ ተቆልፏል። ጥበቃው "ቁልፉ እህት አስቴር ጋ ነው" አለኝ። ብደውል ስልካቸው አይነሳም። ብርዱ! እስከ ስድስት ሰዓት በሩ ላይ ተገትሬ ተስፋ ቆረጥኩ። መኪና ጠብቄ፣ ተጋፍቼ ወደ ቤቴ ሆሳዕና ስገባ ስልኬ ጮኸ።

"ወንድም ታምራት፣ የት ነህ? መዘምራኑን ሰብስቤ እየጠበቅንህ ነው!"

"ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆሜ እኮ ነው የተመለስኩት!"

"ዘጠኝ ሰዓት ብለህ ልከህብኝ?"

ያኔ ገባኝ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እኔ የጠዋቱን ሦስት በፈረንጅ ዘጠኝ ብዬ ሞላሁት፤ እሱም ዘጠኝ ብቻ ብሎ ላከላቸው፤ እሳቸውም ዘጠኝ ሲል ዘጠኝ ነው አሉ። ላስረዳ ስል፣ "ልጄን የምድራት አንድ ጊዜ ነው፤ አትቀልድብኝ" ብለው ዘጉት።

ወርቅነሽ ስነግራት ሳቀች። ጮህኩባት። "የሞላኸው አንተ፣ አይተህ እሺ ያልከው አንተ" አለች። እውነቷን ነው። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

ሐሙስ

ማንንም ሳልቀጥር ሄጄ የእህት አስቴርን በር አንኳኳሁ። ቁልፉን እጄ ላይ ጣል አድርገው ገቡ። ደህና አደርክ እንኳ የለም።

ፒያኖው እንደፈራሁት ነው። ከውስጡ የአይጥ ጎጆ አወጣሁ። አንድ ክር ሳጠብቅ ተበጥሶ ጣቴን ቆረጠኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታገልኩ፤ ከቀጫጭኖቹ ድምፆች አንዷ ግን ቅኝት አልይዝ አለች። ሳስተካክላት ተመልሳ ትወርዳለች።

ቁልፉን ስመልስ ጣቴን አዩት። "ቆይ" ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ሊቀድዱ ሲሉ ከለከልኳቸው፤ ሌላ ጨርቅ አምጥተው አሰሩልኝ። ስለ ሰዓቱ አላነሱም። እኔም አላነሳሁም።

ቅዳሜ

ሠርጉ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ያቺን ድምፅ ብቻ ስጠብቅ ሙሽራዋን በቅጡ አላየኋትም። መጨረሻው መዝሙር ላይ ያቺ ድምፅ ወረደች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሌላ ማንም ዞር አላለም። እህት አስቴር እያለቀሱ ይዘምሩ ነበር። ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ለፋሲካም ትመጣለህ። ግን መልእክት የሚባል እንዳትልክብኝ፤ በአፍህ ንገረኝ" አሉኝ።

ፕሮግራሙን ላጥፋው ወይስ መልእክቱን ብቻ ልዝጋው? ወርቅነሽ "ዝጋውና ያዘው" ትላለች። ገና አልወሰንኩም። አሁን ደግሞ አንጋጫ ያለ አዲስ ደንበኛ ደወለልኝና ሰኞ ሦስት ሰዓት ተባባልን።

"የጠዋቱን ሦስት ማለትህ ነው?" አልኩት።

"አዎ፣ የጠዋቱን።"

"በእኛ አቆጣጠር?"

"ኧረ አንተ ሰው፣ ስንት ሦስት አለ?"